የባትሪ ማቋረጫ ስዊች፦ ባትሪው ተቆርጦ ሞተሩ የማይጠፋው ለምንድን ነው?

መንዝ_ጠጠር

ሰላም ባለሙያዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ኮሮላ ዲኤክስ፣ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ለጠጠር መንገድ ውድድር እየተዘጋጀ ነው። የውስጥ ኬጁ (መኪናው ሲገለበጥ ሰው የሚጠብቀው የብረት አጥር) ተበይዶ አልቋል። ባትሪው ከፊት ተነስቶ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገብቷል። የቀረው ዋና ማቋረጫው ነው። ከገበያ የተገኘው ያ ቀይ ቁልፍ ያለው፣ ሁለት ቡሎን ብቻ ያለው፣ የጭነት መኪና ላይ የሚታሰረው ዓይነት ነው። የታሰረው በኔጌቲቭ በኩል ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲዞር ሁሉም ነገር ጭጭ ይላል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞከር ግን መኪናው አይጠፋም፤ ጭራሽ የፊት መብራቱ ደመቀ። ስዊቹ ተበላሽቶ ነው ወይስ አሠራሩ? የትኛውን ዓይነት ልፈልግ፣ ሽቦውስ እንዴት ይታሰር? ከውጭ የሚሳበው እጀታ የት ይሁን? ደግሞ ባትሪው ወደ ኋላ ከሄደ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እየተጎተተ ነው፤ ሽቦው 16 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው።

ጠባሴ_ኤሌትሪሻን

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሞተር እየሠራ በዚያ ስዊች መሞከሩን አቁሙ። ስዊቹ ደህና ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልተሠራም።

ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪ አያስፈልገውም። ዲናሞው ለቦቢናውም (ለካንዴላው ብልጭታ ለሚሰጠው)፣ ለመብራቱም፣ ለራሱ ማግኔትም የሚበቃ ኤሌክትሪክ ያመርታል። ባትሪውን በኔጌቲቭ ስትቆርጠው ዲናሞው በሞተሩ አካል በኩል ማሳ (የኔጌቲቭ መመለሻ) አለው፤ ስለዚህ የሚቋረጥበት ነገር የለም። በፖዘቲቭ ብትቆርጠውም የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ከስዊቹ ማዶ፣ ከሞተሪኖው ጋር ከታሰረ ያው ነው። መብራቱ የደመቀው የዲናሞውን ትርፍ የሚውጠው ባትሪ ስለተነጠለ ነው። ዲናሞው ብዙ አምፔር እያመረተ ሳለ ባትሪው ድንገት ሲነጠል ቮልቱ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ከ60 በላይ ሊዘል ይችላል። ባለ ፕላቲና ቦቢና ይህን ይችለው ይሆናል፤ የዲናሞው ዳዮዶች፣ ሬጉሌተሩ፣ አምፖሎቹና የሹፌርና የረዳት መነጋገሪያው ግን አይችሉትም።

ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ መኪናው ተገልብጦ ቤንዚን እየፈሰሰ ሳለ ከውጭ የመጣ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ካልጠፋ፣ ካንዴላውም ሽቦውም አሁንም ብልጭታ ይሰጣሉ ማለት ነው። የቤንዚን ፓምፑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል። ማቋረጫ የሚባለው ባትሪውንም ሞተሩንም በአንድ እጅ የሚያጠፋ ነው።

የምትፈልገው ባለ ስድስት ተርሚናሉን ነው። ሁለት ወፍራም ኤም 10 (ባለ 10 ሚሊ ሜትር) ቡሎን፣ ከጎኑ አራት ትንንሽ እግሮች። ከትንንሾቹ ሁለቱ ደብልዩ፣ ሁለቱ ዜድ ተብለው ይጻፍባቸዋል። ስዊቹ ሲበራ ወፍራሞቹ ይገናኛሉ፣ ደብልዩዎቹ ይገናኛሉ፣ ዜዶቹ ይለያያሉ። ሲጠፋ ሁሉም ይገለበጣል፦ ወፍራሞቹም ደብልዩዎቹም ይለያያሉ፣ ዜዶቹ ይገናኛሉ። ስትገዛ አብሮት 3 ኦም 11 ዋት የሆነ ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር መኖሩን እይ፤ ከሌለ ለብቻው ፈልገው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍታ፤ ሁሉም ሲያልቅ መጨረሻ ላይ እሰረው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣው ወፍራም ሽቦ በአንዱ ኤም 10 ላይ ይታሰራል፤ እሱን «የባትሪ ወገን» እንበለው። በሌላው ኤም 10 ላይ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ዲናሞውና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄደው ሁሉ ይታሰራል፤ እሱ «የመኪና ወገን» ይሁን። በባትሪ ወገን ላይ ከባትሪው ሽቦ በቀር አንዲት ቀጭን ሽቦ እንኳ አትቀመጥ። ለሰዓት ነው፣ ለቴፕ ነው ተብሎ የምትታሰር ሽቦ ስዊቹ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ እንዳዘለች ትቀራለች።

ደብልዩዎቹ በቦቢናው መስመር መሃል ይገባሉ። ከማስነሻ ቁልፉ ወደ ቦቢና ፖዘቲቭ የሚሄደውን ሽቦ ቁረጥና አንዱን ጫፍ በአንዱ ደብልዩ፣ ሌላውን በሌላው አድርግ። የተሻለው ግን ሽቦው ወደ ቦቢናና ወደ ሬጉሌተር ከመከፈሉ በፊት መቁረጥ ነው፤ ያን ጊዜ የዲናሞው ማግኔትም አብሮ ይሞታል። በዚያ ቦታ የሚያልፈው አምፔር ስለሚበዛ ትንንሾቹን እግሮች አታስጨንቃቸው፤ ባለ 30 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚቆጣጠር ስዊች) አስገባና ደብልዩዎቹ የሪሌውን የውስጥ ጥቅል ሽቦ ብቻ እንዲቆጣጠሩ አድርግ።

ዜዶቹ የዲናሞውን ትርፍ ወደ ማሳ ያፈሳሉ። አንዱን ዜድ ከመኪና ወገኑ ኤም 10 ጋር አገናኝ፤ ከሌላው ዜድ ሬዚስተሩን አስረህ ጫፉን ወደ ማሳ ውሰድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዜዱ በስህተት ከባትሪ ወገን ጋር ከተገናኘ፣ ስዊቹ በጠፋ ቁጥር ከባትሪው 4 አምፔር ያህል በሬዚስተሩ ውስጥ ይፈሳል። ይህም 50 ዋት አካባቢ ነው። ለ11 ዋት የተሠራች ሬዚስተር በደቂቃዎች ውስጥ ትግላለች፣ ዙሪያዋ ያለውን ፕላስቲክ ታቀልጣለች፤ ያልተቃጠለች እንደሆነ ደግሞ ሲነጋ ባትሪው ባዶ ነው። በትክክል ስትታሰር ግን ሥራዋ ሞተሩ እስኪቆም ያሉትን ሁለት ሦስት ሰከንዶች ብቻ ነው። ቢሆንም ከላሜራ ላይ በብረት ማቀፊያ እሰራት እንጂ ከሽቦ ጥቅል ጋር በናስትሮ አትጠቅልላት።

ሸዋ_ጠጠር_17

ያን ሁሉ ሬዚስተር ከማስገባት የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ማሰር አይቀልም? ዲናሞው ከባትሪው ስለማይለይ ቮልቱ አይዘልም። ባለ ሁለት ቡሎኑ ስዊች የመኪናውን መስመር ሲቆርጥ ቦቢናው ያጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

ጠባሴ_ኤሌትሪሻን

በእርግጥ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዲናሞውም አይጎዳም። ነገር ግን ያ ሽቦ ከኋላ እስከ ኮፈኑ ስር ድረስ በመኪናው ርዝመት ሁሉ በቋሚነት ኤሌክትሪክ እንዳዘለ ይኖራል፤ ማቋረጫው አይነካውም። ፊት ለፊት ሲጋጭ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ደግሞ ዲናሞው ያለበት ቦታ ነው። ሽቦው ላሜራ ላይ ቢላጥ እሳት ነው፤ ስዊቹን ያጠፋው ሰው ግን ሁሉ ነገር የሞተ ይመስለዋል። በባትሪው ጫፍ ከዲናሞው አቅም ትንሽ ከፍ ያለ ፊውዝ ካስገባህበት አደጋው ይቀንሳል፤ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ግን ማቋረጫው ዲናሞውንም ጨምሮ ሁሉንም መስመር እንዲቆርጥ ስለሚል ፍተሻ ላይ ይመልሱሃል። ባለ ስድስቱ ይሻላል።

ጣርማበር_መካኒክ

ስለ ቦታው ልጨምር። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በኤፍአይኤ፣ ደንብ ማቋረጫው ብልጭታ የማያወጣ ዓይነት ሆኖ ከውስጥም ከውጭም የሚደረስበት መሆን አለበት። ከውጭ የሚሠራው እጀታ ጣሪያ ባለው መኪና የፊት መስታወቱ ከሚያርፍበት ጥግ አጠገብ ይሆናል። ምልክቱ ነጭ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ ቀይ የመብረቅ ምልክት አለው፤ የሥር ጎኑ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ያነሰች ተለጣፊ አትግዛ፤ ምልክቱ የሚያስፈልገው መኪናውን አይቶት ለማያውቅ፣ ሮጦ ለመጣ ሰው ነው። የአገር ውስጥ ውድድር አዘጋጆች የራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል ከመብሳትህ በፊት ወረቀቱን ጠይቅ።

ከውስጥ ሹፌሩ ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ ታስሮ ሳለ እጁ መድረስ አለበት። የሚለካውም እንደዚያ ነው፦ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው፣ ያን ጊዜ እጁ የደረሰበት ቦታ የስዊቹ ቦታ ነው። ሁለት ሰው ከሆኑ ለሁለቱም እንዲመች መሃል ላይ፣ ከማርሹ ፊት ይሁን። ማርሽ ሲቀያየር ክንድ የሚነካበት ቦታ ግን አይሁን፤ በጣርማበር ጠመዝማዛ ላይ መኪናው በክርን ተነክቶ ቢጠፋ የሚያስከትለውን አንተ ታውቀዋለህ።

ያ ተነቅሎ የሚወጣው ቀይ ፕላስቲክ ቁልፍ ለውድድር አይሆንም። በጠጠር ንዝረት ይወጣል፤ ብርድ ሲበዛበትም አንገቱ ላይ ይሰበራል። የማይነቀል የብረት እጀታ ያለውን ምረጥ።

ለውጭው እጀታ የተዘጋጀ የሚሳብ ካቦ ካልተገኘ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካቦ ይበቃል። የስዊቹ ምላስ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሩብ ዙር ለማዞር ወደ 6 ሴንቲ ሜትር መሳብ ስለሚኖርበት ከሽፋኑ የሚወጣው ነጻ ሽቦ ከዚያ እንዳያንስ። ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ በላሜራ ላይ ተጣብቆ ይታሰር፤ ካልታሰረ እጀታው ሲሳብ ስዊቹ ሳይዞር ሽፋኑ ብቻ ይለመጣል። ካቦው በሰፊው ይጠምዘዝ እንጂ አይታጠፍ።

እዚህ አገር የሚታየው ብልሽት ውሃ ነው። ክረምት ላይ የዋልካ ጭቃ ካቦው ውስጥ ይገባና ይደርቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውስጡ የቀረው ውሃ በደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊቱን በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት እጀታው ንቅንቅ አይልም። ካቦውን ሳታስረው በፊት አንጠልጥለህ ግሪስ ወይም ወፍራም ዘይት አጠጣው፤ የላይኛው ጫፍ ላይ የጎማ ኮፍያ አድርግበት፤ እጀታው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች እንዲያይ አድርገህ እሰረው።

አንኮበር_ኦቶ_ኤሌክትሪክ

ጠዋት ሞተሪኖው የሚጎተተው በ16 ካሬው ምክንያት ነው፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ አንድ ሜትሩ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 0.0175 ኦም አለው። ከኋላ ተነስቶ በስዊቹ በኩል ሞተሪኖው ጋ እስኪደርስ 5 ሜትር ያህል ነው። ሞተሪኖው በብርድ 200 አምፔር ቢስብ፣ በ16 ካሬ ወደ 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ35 ካሬ ግማሽ ቮልት፣ በ50 ካሬ 0.35 ቮልት። ባትሪው ራሱ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጉልበቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ዘይቱ ደግሞ ይወፍራል። ባትሪው ኋላ ሆኖ ደብረ ብርሃን ላይ 50 ካሬ አድርግ፤ ባይገኝ 35። ብዙ ክር ያለው፣ የሚታጠፈው ዓይነት ይሁን። የቤት መስመር ደረቅ ሽቦ በንዝረት ይሰበራል።

ማሳውን ሰዎች ይረሱታል። ባትሪው ኋላ ሲሄድ ኔጌቲቩ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ላሜራ ላይ በቡሎንና በሮንዴላ ይታሰራል። ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ማሳም ያንኑ ያህል መወፈር አለበት። ያ ሽቦ ከሳሳ የሞተሪኖው አምፔር መመለሻ ፍለጋ በነዳጅ መስጫው ካቦ ወይም በሌላ ቀጭን ብረት በኩል ይመጣል። ሞተር ሲነሳ ካቦው ከሞቀ ወይም ከጨሰ ሌላ ቦታ አትፈልግ፤ ማሳው ነው።

ካፖኮርዳው (የሽቦው ጫፍ ማሰሪያ) በመዶሻ ተቀጥቅጦ በስታኞ የሚሞላው ነገር ይቅር። ስታኞው ወደ ሽቦው ክሮች ውስጥ ይሰርግና ያን ቦታ ድርቅ ያደርገዋል፤ ድርቅ ያለው ከለስላሳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ በንዝረት ይቆረጣል። በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ስድስት ማዕዘን አድርጎ የሚጨምቅልህ ሰው ፈልግ፤ ከላዩ በሙቀት የሚሸበሸበውን ላስቲክ አልብሰው። ኤም 10ዎቹን ስታጠብቅ የታችኛውን ዳዶ በአንድ ቁልፍ ያዝ፣ የላዩን በሌላ አጥብቅ። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከተጎተተ ቡሎኑ አብሮ ይዞርና የስዊቹ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፣ ውስጥ ግን መገናኛው ይላላል፣ በኋላም ይግላል። ሁለቱንም ቡሎን የጎማ ኮፍያ አልብስ። በወንበሩ አጠገብ የተራቆተ ፖዘቲቭ ቡሎን ካለ አንድ የወደቀ ካቻቢቴ ይበቃዋል።

ከባትሪው እስከ ስዊቹ ያለው ሽቦ ማቋረጫው የማይነካው ብቸኛ መስመር ነው። አጭር ይሁን፣ ከመኪናው ወለል ውስጠኛ ገጽ ጋር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር፣ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት። ከቤንዚን ቱቦ ጋር በአንድ ማሰሪያ አታስረው።

ጣርማበር_መካኒክ

ባትሪውም እንዴት እንደታሰረ እይ። ደንቡ ሁለት የብረት ማቀፊያ ይላል፤ በማይተላለፍ ነገር የተሸፈኑ፣ በቡሎንና በዳዶ ከወለሉ ጋር የታሰሩ። ቡሎኖቹ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከወለሉ ስር ለእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደጋፊ ላሜራ። የውሃ ባትሪ ከሆነ በማያፈስ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ሳጥኑ ለብቻው ይታሰር፣ ጋዙም በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ። መኪናው ሲገለበጥ ማቀፊያውን ጥሎ የሄደ ባትሪ ማንኛውንም ስዊች ከንቱ ያደርገዋል።

የእሳት ማጥፊያው በኤሌክትሪክ የሚተኮስ ከሆነ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ዋናው ስዊች ከጠፋ በኋላም መሥራት አለበት።

ሸዋሮቢት_ናፍጣ

ደህና ዋላችሁ። በናፍጣ ሃይሉክስ ላይ፣ ኮምፒውተር በሌለው፣ ቦቢናም ካንዴላም የለም። ደብልዩው ምን ይቆርጣል?

ጠባሴ_ኤሌትሪሻን

የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለውን የማጥፊያ ሶሌኖይድ። በቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ሞተሮች ያ ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ናፍጣ ያሳልፋል፤ ሲያጣ ይዘጋል። ደብልዩውን በእሱ መስመር አስገባ። ዜዱና ሬዚስተሩ እንደ ቤንዚኑ ነው። ሞተሩ በገመድ ተስቦ የሚጠፋ የድሮ ዓይነት ከሆነ ግን ስዊቹ ብቻውን አያጠፋውም፤ የማቋረጫው እጀታ ሲሳብ የናፍጣውን መዝጊያ አብሮ እንዲስብ ማገናኘት ግድ ነው።

መንዝ_ጠጠር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ባለ ስድስቱ ከታሰረ በኋላ መኪናውን ሳላስነሳ ትክክል መሆኑን በቴስተር ማወቅ ይቻላል? ስነሳስ ፈተናው እንዴት ይሁን?

ጠባሴ_ኤሌትሪሻን

ይቻላል። የባትሪው ሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። ስዊቹ ጠፍቶ ከባትሪ ወገኑ ኤም 10 ወደ ማሳ ለካ፤ ምንም ማንበብ የለበትም። 3 ኦም ካነበበ ዜዱ በተሳሳተ ወገን ነው፣ ባትሪውን እንዳታስር። ቀጥሎ ከመኪና ወገኑ ሁሉንም ሽቦ ለጊዜው ፍታና ወደ ማሳ ለካ፤ የዜዱን መስመር ብቻ ተወው። ስዊቹ ጠፍቶ 3 ኦም፣ ስዊቹ በርቶ ምንም። ደብልዩዎቹ ሲበራ ዜሮ፣ ሲጠፋ ክፍት።

ከዚያ ሁሉንም መልሰህ እሰርና አስነሳው። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ ከአንዱ ኤም 10 ወደ ሌላው ለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ካፖኮርዳው አልተጨመቀም ወይም የስዊቹ መገናኛ ደካማ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የፊት መብራቱን አብራ፣ ወደ 2,500 ዙር አሳድገህ ያዘው፣ ከዚያ ከውጭው እጀታ ሳብ። ወዲያው መጥፋት አለበት፤ መብራቱ፣ ጡሩምባው፣ የፍሬን መብራቱ ሁሉ አብሮ። በዝቅተኛ ዙር ብቻ የተፈተነ ስዊች አልተፈተነም፤ ዲናሞው የሚያስቸግረው ዙሩ ሲያድግ ነው። ከውስጡም እጀታ እንዲሁ አንድ ጊዜ ሞክረው። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ሞተር ማጥፊያ አታድርገው፤ ሬዚስተሩ ቢኖርም የዲናሞውን ዳዮዶች ማድከሙ አይቀርም። መኪናውን ሁልጊዜ በማስነሻ ቁልፉ አጥፋው፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ስዊቹን አዙር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጠጠር ላይ መኪናው በድንገት ድፍት ድፍት እያለ መልሶ የሚነሳ ከሆነ ካርቡሬተሩን ከመፍታትህ በፊት የደብልዩውን እግሮች እይ። የሚሰኩት ትንንሽ ካፖኮርዳዎች በንዝረት ይላላሉ፣ አቧራም ይገባቸዋል። ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን ደብልዩ በአጭር ሽቦ አገናኝተህ ሞተሩን እያነቃነቅህ ሞክር፤ ድፍት ማለቱ ከቀረ ችግሩ እዚያ ነው። አጥብቀህ በፒንሳ ጨምቃቸው፣ ያገናኘህባትንም ሽቦ መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ አንሳት፤ እሷ እዚያ ካለች እጀታው ሲሳብ ሞተሩ አይጠፋም።